ልጅዎ በሩን ዘግቶ የሚሰማው ሙዚቃ

ማታ ነው እንበል። ራት ቀርቧል፤ ትልቁ ልጅዎ ግን ክፍሉን ዘግቶ አልመጣም። ከበሩ ጀርባ ድራም ይደበደባል፣ ጊታር ይጮኻል፣ አንድ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ያቀነቅናል። የልጅዎ ጥቁር ቲሸርት ላይ ደግሞ አጥንቱ የገጠጠ አስፈሪ ፍጥረት ታትሟል። ተቆጥተው በሩን ከማንኳኳትዎ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ምሽት አብራችሁ የምታዩት ፊልም እንጠቁምዎ። ስሙን ሲሰሙ ግን አይደንግጡ፤ «በረራ 666» ይባላል።

ፊልሙ ስለ እንግሊዙ የሄቪ ሜታል ባንድ ስለ አይረን ሜይደን ነው። ባንዱን የመሠረተው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1975 የገና ዕለት፣ ቦታው ምሥራቅ ለንደን ነው። ቲሸርቱ ላይ ያለው ፍጥረት ኤዲ ይባላል፤ ከአልበሞቻቸው ሽፋን አይጠፋም። ያ የሚያስደነግጠው ቁጥር የመጣው በ1982 ካወጡት አልበም ነው። ሃሪስ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን የጻፈው አስፈሪ ፊልም አይቶ በተኛበት ሌሊት ካየው ቅዠት ተነስቶ እንደሆነ ተናግሯል። ያም ሆኖ ዘፈኑ መጥፎ ስም አትርፎላቸዋል። በ1992 ቺሊ ውስጥ ሊያቀርቡት የነበረው ኮንሰርት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቃውሞ ተሰርዟል። ስለዚህ ስሙ ቢከብድዎት ብቻዎን አይደሉም። እኔም ርዕሱን እያየሁ ፊልሙን ሳልከፍተው ብዙ ቆይቻለሁ።

ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት አውሮፕላን ነው። የባንዱ ድምፃዊ ብሩስ ዲከንሰን በዚያን ጊዜ የንግድ አውሮፕላን አብራሪም ነበር። በ2008 መጀመሪያ ባንዱ ቦይንግ 757 ተከራየ፤ ከኋላ በኩል መቀመጫዎች ተነስተው 12 ቶን የሚሆን የመድረክ ዕቃ ተጫነበት። ሙዚቀኞቹ፣ ሠራተኞቹና ዕቃው በአንድ አውሮፕላን ሆነው የካቲት 1 ቀን ሙምባይ ላይ የጀመሩትን ጉዞ በ45 ቀን ውስጥ፣ መጋቢት 16 ቀን ቶሮንቶ ላይ አጠናቀቁ (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሉ አውስትራሊያ፣ ጃፓን፣ ሜክሲኮ፣ ኮስታ ሪካ፣ ኮሎምቢያ፣ ብራዚል፣ አርጀንቲና፣ ቺሊ አሉ፤ በድምሩ 23 ኮንሰርት። ዕቃ በመርከብ ቢላክ ኖሮ ይህ ሁሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚታሰብ አልነበረም። ዲከንሰን አንድ ቀን መድረክ ላይ ሲዘል ያመሻል፤ በሌላው ቀን የአብራሪ ልብሱን ለብሶ ጓደኞቹን ያሳፍራል።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ከ49 እስከ 55 ዓመት የሚሆናቸው ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ድራም መቺው ኒኮ ማክብሬይን በጉዞው መሃል ጎልፍ ሜዳ ላይ ኳስ እጁን መትቶት እንኳ ሥራውን ሳያቋርጥ ቀጥሏል። ስቲቭ ሃሪስ ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ልጁ ሎረን ሃሪስ ድምፃዊት ናትና በዚያ ጉዞ ከአባቷ ባንድ በፊት መድረክ ላይ እየወጣች ትዘፍን ነበር። በየአገሩ አይረን ሜይደንን ብቻ ሊያይ የመጣ ሕዝብ ፊት ቀድሞ መቆም ምን እንደሚመስል እርስዎ ይገምቱት።

ፊልሙን የሠሩት ካናዳውያኑ ሳም ደን እና ስኮት ማክፋድየን ናቸው። ደን የአንትሮፖሎጂ ምሩቅ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ካሜራው ከመድረኩ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ዘወር ማለት የሚያበዛው። ቦጎታ ላይ ወጣቶች ከኮንሰርቱ ቀናት ቀድመው ደጅ ላይ ድንኳን ተክለው ይጠብቃሉ። ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው የድራም ዱላ በእጁ ይዞ ቆሟል። አይናገርም፤ ያለቅሳል። ካሜራው ለረጅም ጊዜ አይለየውም። ቃል አልተነገረኝም፣ ግን ልጆቻችን በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ምን እንደሚያገኙ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የነገረኝ ይህ ፊት ነው። እውነቱን ለመናገር ድምፁን ለመቀነስ ይዤው የነበረውን ሪሞት ያስቀመጥኩት እዚያ ላይ ነው።

ፊልሙ በ2009 ሲወጣ የቀጥታ ኮንሰርት አልበሙም አብሮ ወጣ። አሠራሩ ደስ ይላል፤ 16ቱ ዘፈኖች ከ16 የተለያዩ ከተሞች የተወሰዱ ናቸው። ሙምባይ ይከፍታል፣ ቶሮንቶ ይዘጋል። ዘፋኙ ያው ነው፣ አብሮት የሚጮኸው ሕዝብ ግን ይለያያል። ጆሮዎ ካልለመደ ሁሉንም በአንዴ አይሞክሩት። ይልቅ ልጅዎን ስለ ግጥሞቹ ይጠይቁት። አንደኛው በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ስለተዋጉ አብራሪዎች ነው፤ ሌላው በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ስለዘመቱ የእንግሊዝ ፈረሰኞች። ከ13 ደቂቃ በላይ የሚፈጀው ረጅሙ ዘፈን ደግሞ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በ1798 ባሳተመው ግጥም ላይ የተመሠረተ ነው። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ ግለጥ ሲባል የሚያዛጋ ልጅ ይህን ሁሉ በቃሉ ሲያወጣው ይገረማሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አልፎ አልፎ ስድብ ያመልጣቸዋል፣ ቢራም አለ፤ ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ ይሁን።

እነዚያ ሰዎች ከዚያ በኋላ ቀላል ዓመታት አላሳለፉም። ዲከንሰን በምላሱ ላይ በወጣ ካንሰር ታክሞ ድኖ በ2016 ባንዱን በቦይንግ 747 ይዞ ዞሯል። ማክብሬይን በ2023 ስትሮክ መትቶት በዚያው ዓመት ወደ ድራሙ ተመልሶ፣ በ2024 መጨረሻ ሳኦ ፓውሎ ላይ ከኮንሰርት ጉዞ ተሰናብቷል።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጅዎ «ሌላም አለ» ቢልዎት፣ ምናልባት የ1985ቱን የኮንሰርት አልበማቸውን ማለቱ ነው። «በረራ 666» ላይ የሚታየው የፈርዖኖች መድረክ የተቀዳውም ከዚያ ዘመን ጉዞ ነው። እሱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያቆዩት።