ባለ ዘጠኝ ፒኑ ማያያዣና የጁባ ሞተሮች

በጁባ ከተማ የጄኔሬተር ድምፅ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በ2019 መጨረሻ 33 ሜጋ ዋት የሚሰጥ በነዳጅ የሚሠራ ማመንጫ አግኝታለች። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቱም፥ ሆስፒታሉም፥ ሆቴሉም ብርሃን የሚያገኘው በየግቢው ካቆመው ሞተር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ብዙዎቹ ሞተሩን ለክፉ ቀን ብለው ከግቢያቸው አላስወጡትም።

ከእነዚህ ሞተሮች በብዙዎቹ የመቈጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት አፍ ትገኛለች። ስፋቷ ከሁለት ጣት ብዙ አይበልጥም። በውስጧ ዘጠኝ ቀጫጭን ፒኖች በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ በአንዱ ረድፍ አምስት፥ በሁለተኛው አራት። ባለሙያው ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፥ ዘይቱና ሙቀቱም እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ኮምፒዩተሩን የሚያገናኘው በዚች አፍ ነው። አንዱ ጎኗ ረዝሞ ሌላው ስላጠረ መልኳ ዲ ከሚባለው የላቲን ፊደል ጋር ይመሳሰላል፤ በአገራችን ምሳሌ ጅማቱ የተወጠረ ደጋን ልንላት እንችላለን። እንዲህ የተሠራችው በጨለማም ሆነ በችኰላ የሚሰካ ሰው ገልብጦ እንዳይሰካት ነው። ፒን ያለው ወገን ወንዴ፥ ቀዳዳ ያለው ሴቴ ይባላል፤ በግእዙ ተባዕትና አንስት ማለት ቢቻልም በገበያ የሚያስኬደው የመጀመሪያው ነው።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በጁባ የሚነግዱ ወንድሞቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ አማርኛና ትግርኛ በየሱቁ ይሰማል። ይህን ዕቃ ግን በየትኛውም ቋንቋ ‹ዲ ቢ ናይን› ብሎ መጥራት ተለምዷል። ስሙ ስሕተት ነው። ማያያዣውን በ1952 ያወጣው የአሜሪካው የካነን ኩባንያ ለየመጠኑ ፊደል ሲሰጥ ባለ 15 ፒኑን ዲ ኤ፥ ባለ 25ቱን ዲ ቢ፥ ባለ 37ቱን ዲ ሲ፥ ባለ 50ውን ዲ ዲ፥ ትንሹን ባለ ዘጠኙን ዲ ኢ ብሎት ነበር። በ1960 በአሜሪካ የተደነገገው አር ኤስ 232 የሚባለው የመልእክት ሥርዐት በባለ 25ቱ ሲሠራበት ቆየ። አይ ቢ ኤም በ1984 ባወጣው ኮምፒዩተር ላይ ባለ ዘጠኙን ባደረገ ጊዜ፥ ሕዝቡ ዲ ቢ የሚለውን ስም ስለ ለመደ ለትንሹም ሰጠው። በገበያ ዲ ኢ ናይን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ሳይመለስ አይቀርምና፥ በዚህ ነገር ከሕዝቡ ጋር መሳሳት ይሻላል።

የስሙ ስሕተት የሚጎዳው ነገር የለም፤ የሚጎዳው ሌላ ነው። ቅርጹ ገልብጦ ከመሰካት ይከለክላል እንጂ በሽቦው ውስጥ ምን እንደሚሄድ አይናገርም። በአር ኤስ 232 ሥርዐት ኮምፒዩተሩ በ2ኛው ፒን ይቀበላል፥ በ3ኛው ይልካል፥ 5ኛው የጋራ መሬት ነው። ካን በሚባለው፥ በፋብሪካና በተሽከርካሪ መሣሪያዎች ዘንድ በሚሠራበት ሥርዐት ግን በዚያችው ባለ ዘጠኝ ፒን ማያያዣ መልእክቱን አንድ ላይ የሚሸከሙት 2ኛውና 7ኛው ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዐይን የሚለያቸው የለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው የዩ ፒ ኤስ ጉዳይ ነው። ዩ ፒ ኤስ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ኮምፒዩተሩን በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን መሆኑ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ ሣጥኖች በጀርባቸው ባለ ዘጠኝ ፒን ማያያዣ አላቸው፤ የፒኖቹ ሥራ ግን ከተለመደው የተለየ ስለ ሆነ የሚስማማቸው ለእነርሱ ተብሎ የተሠራው ገመድ ብቻ ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተገኘ ተራ ገመድ ቢሰኩበት፥ ሣጥኑ ‹ጥፋ› የሚል ትእዛዝ የደረሰው መስሎት ወዲያው ኀይሉን ይዘጋል። ያን ጊዜ ገና ያልተቀመጠው የደመወዝ መዝገብ ወይም የላቦራቶሪ ውጤት አብሮ ይጠፋል። ሠራተኞች በመብራት መጥፋት ከሚያጡት ሥራ ለመዳን የተገዛው ዕቃ ራሱ አጥፊ ሆነ ማለት ነው።

በቤት ያሉ አንባቢዎቻችንም ይህን መሰል ነገር ሳያዩ አልቀሩም። ከኮምፒዩተር ስክሪን በስተኋላ የሚገኘው ሰማያዊ ማያያዣ 15 ፒኖች በሦስት ረድፍ ቢይዝም፥ የብረት ቅርፊቱ መጠን ከባለ ዘጠኙ ጋር እኩል ነው፤ ልጆች በግድ ሲገፉት ፒኑ ይታጠፋል።

ጄኔሬተር በደኅና ከተያዘ ሃያ ዓመት ያገለግላል፤ ኮምፒዩተር ግን አምስት ዓመት ከሠራ አረጀ ይባላል። ዛሬ የሚገዙት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ባለ ዘጠኝ ፒን አፍ የላቸውም፤ በ1996 የወጣው ዩ ኤስ ቢ ተክቶታል። ስለዚህ በአሮጌው ሞተርና በአዲሱ ኮምፒዩተር መካከል አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ እርሱም አዳፕተር ነው። ከባለ ዘጠኝ ወደ ባለ 25 የሚያሻግረው ቅርጽ ለዋጭ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ውስጡ በትክክል መዘርጋት አለበት፥ በባለ 25ቱ ላኪው 2ኛው፥ ተቀባዩ 3ኛው፥ መሬቱም 7ኛው ፒን ነውና። የዩ ኤስ ቢው ግን እውነተኛ አስተርጓሚ ነው። በሆዱ ቺፕ አለው፤ በኮምፒዩተሩም ላይ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ይሻል። በ2014 ኤፍ ቲ ዲ አይ የተባለው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ድራይቨሩን ባሳደሰ ጊዜ፥ የእርሱን አስመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ቺፖች ያሉባቸው አዳፕተሮች በድንገት ሥራ አቁመው ነበር። ትናንት የሠራ አዳፕተር ዛሬ እንቢ ሲል ያየ ሠራተኛ ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ቢያላክክ አይፈረድበትም።

በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ማያያዣው እንዳይወልቅ የተሠሩ ናቸውና ሳይጠብቁ መተው አይገባም። የብሎኑ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ልክ የተቈረጠ ስለ ሆነ፥ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ቢያስገድዱበት ጥርሱ ይበላሻል።

ወደ ጁባ የሚገባው ዕቃ ብዙው ከኬንያና ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል የሚመጣ ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ለብሷል፤ ቢሆንም የተሳሳተ ገመድ መልሶ ትክክለኛውን ማስመጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የግዢ መጠየቂያ የሚፈርም ሹም ‹አንድ የኮምፒዩተር ገመድ ይገዛልን› ብሎ ባይጽፍ መልካም ነው። የፒኑን ቍጥር፥ ወንዴነቱን ወይም ሴቴነቱን፥ የሚሰካበትን መሣሪያ ስምና ሞዴል ይጻፍ። ሽቦው ቀጥተኛ ወይም ተሻጋሪ መሆኑንም ይጨምር፤ ቀጥተኛ የሚባለው 2ኛው ፒን ከ2ኛው፥ 3ኛውም ከ3ኛው የሚገናኝበት ነው፤ ተሻጋሪው 2ኛውን ከ3ኛው ያገናኛል። በግምጃ ቤቱ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ገመድ ቢገኝ ቴስተር ይዞ ፒን በፒን መለካት ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ውጤቱንም በወረቀት ጽፎ በገመዱ አንገት ላይ ማሰር ነው።