እህቴን «58 ዓመትሽ ነው» ያላት ማሽን

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ስማ፣ ቆዳሽ የ58 ዓመት ሴት ቆዳ ነው ተባልኩ» አለችኝ። እህቴ ገና 46 ዓመቷ ነው። ወደ ሥራ በምትመላለስበት መንገድ ላይ ያለ አንድ የቆዳ ማስዋቢያ ቤት «ነፃ ምርመራ» ብሎ ጠርቷት ነው። ፊቷን ሳጥን የመሰለ ካሜራ ውስጥ አስገብተው አነሷት፤ ቁጥሩን በስክሪን አሳዩዋት፤ ወዲያው የ1,800 ዶላር ፓኬጅ አቀረቡላት። በአረጋውያን መንከባከቢያ የማታ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው 1,800 ዶላር ቀልድ አይደለም።

«እንዳትፈርሚ፣ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ እንጂ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ቁጥር የሚሰጥህን ማሽን ከማመንህ በፊት ያንኑ ነገር ደግመህ አስለካው። ቅዳሜ ሄደን ደጋግመው እንዲያነሷት ለመንኩ። መጀመሪያ 58፣ ቀጥሎ 53፣ ፊቷን ታጥባ ቅባት ከተቀባች በኋላ ደግሞ 51 ወጣ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እህቴ ሰባት ዓመት ቀነሰች! ሻጯ ቃል የገባችልን ደግሞ «በስድስት ወር አምስት ዓመት» ነበር። እስቲ አስቡት፤ ማሽኑ ያለ ምንም ሕክምና በራሱ ሰባት ዓመት የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ አምስት ቢቀንስ ሕክምናው ሠራ ሊባል ነው? መርካቶ ውስጥ እንዲህ ባለ ሚዛን ቡና ቢመዝኑልን ዝም የምንል አይመስለኝም።

ይህን ስል ቆዳ አይለካም ማለቴ አይደለም። ይለካል፤ ያውም በደንብ። የላይኛው የቆዳ ሽፋን የያዘው እርጥበት በኤሌክትሪክ ይለካል። ቆዳን በቀስታ ስቦ ሲለቀው ምን ያህል ወደ ቦታው እንደሚመለስ የሚመዘግብ መሣሪያም አለ። ግን ሥርዓት አለው። ተለኪው ሙቀቱና እርጥበቱ በተወሰነ ክፍል ውስጥ ቆዳው እስኪረጋጋ ይቀመጣል፤ ክሬም አይቀባም፤ ፎቶው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ብርሃንና ከአንድ ርቀት ይነሳል። ከሁሉም በላይ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ተራ ቅባትም ቢሆን ቆዳን አርሶ ሽብሽቡን ለጊዜው ይሸፍናል። ስለዚህ መድኃኒት ያለበት ክሬም መድኃኒት ከሌለበት ጋር ካልተወዳደረ ምንም አላወቅንም። ካርቶን ላይ የሚጻፈው «ከአሥር ተጠቃሚዎች ዘጠኙ ቆዳችን ለሰለሰ ብለዋል» ደግሞ አስተያየት እንጂ ልኬት አይደለም።

በደንብ የተለካ ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት አውስትራሊያ እንሂድ። ናምቡር በምትባል የኩዊንስላንድ ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆኑ 903 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ገሚሶቹ ሳንስክሪን በየቀኑ እንዲቀቡ፣ ሌሎቹ እንደፈለጉ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የእጃቸው ጀርባ በሲሊኮን እየታተመ፣ መዳቢዎቹ ማን ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ሳያውቁ መስመሮቹን መረመሩ። በ2013 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በየቀኑ የተቀቡት የቆዳ እርጅና ምልክት ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥናቱ በአብዛኛው በነጮች ላይ መሆኑን ግን ልብ በሉ።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። የቆዳ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበትን የቆዳ ዓይነት መለኪያ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ሲያወጣ ያሰበው ነጭ ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚቃጠል ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት በኋላ ነው። የካሜራ ሶፍትዌሩም ከዚህ አላመለጠም። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ፊት አይቶ ጾታ የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞችን ፈትሸው፣ ስህተቱ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ መድረሱን አሳዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ ሽብሽብ ዘግይቶ ይመጣል፤ ቀድሞ የሚታየው ማድያትና የቀለም መዘበራረቅ ነው። «ማሽኑ የተሠራው በማን ፊት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሻጯ መልስ አልነበራትም።

ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ማሽኑ ማድያትን «እርጅና» ብሎ ሲቆጥረው፣ ቀጣዩ እርምጃ ብዙ ጊዜ ማንጫ ክሬም ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው። ሃይድሮኪኖንን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ ከቆዳ መዋቢያ ክሬሞች አግዷል። ሆኖም በየአበሻ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ምን እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ፊታችሁን አስለክታችሁ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሁኑኑ ብትደግሙት ያው ቁጥር ይወጣል? ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው «ሠራ» የተባለው? እኛን በሚመስሉ ሰዎች ላይ ተሞክሯል? መልስ ካጡ አመስግናችሁ ውጡ። ማድያቱ ካስቸገራችሁ የቆዳ ሐኪም አለ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼም፣ እርጅና አምጪው ጨረር በጎን መስኮት መስታወት ያልፋልና ሳንስክሪን የሴት ነገር ነው አትበሉ።

እህቴ አልፈረመችም። ስንወጣ መኪና ውስጥ «ታዲያ አሁን ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ። «46» አልኳት። «እሱንማ እኔም አውቀው ነበር» ብላ ሳቀች።