«መመሪያ ነው» ሲባል፣ የትኛው መመሪያ?

ጉዳይ ይዘን ወረዳ ስንሄድ፣ ልጅ ለማስመዝገብ ትምህርት ቤት ስንገባ፣ አንዳንዴም በራችን በማታ ሲንኳኳ የምንሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «መመሪያ ነው»። አልፎ አልፎ «ከበላይ አካል የመጣ ነው» ትባላለች። ቁጥሩ ስንት ነው፣ ማን አወጣው፣ መቼ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማኅተምና ዩኒፎርም ካለው ሰው አፍ ስለወጣች ብቻ ቃሏ ሕግ ሆና ትቀራለች።

የምናወራው ስለ ሐሰተኛ ፖሊስ አይደለም። የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ የሚያጭበረብር ሰው ሲያዝ ጉዳዩ ያልቃል። የሚከብደው ሹመቱም ማኅተሙም እውነተኛ የሆነ ባለሥልጣን ሕጉ ያልሰጠውን ሥልጣን የተሰጠው አስመስሎ ሲያዝ ነው። ሰውየው እውነተኛ ስለሆነ ትዕዛዙም እውነተኛ ይመስለናል።

ይህ ነገር ለሙስሊሙ አንባቢ አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ታሪክ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጭፍራ ሲልኩ ከአንሷር የሆነ ሰው አዛዥ አድርገው እንዲታዘዙት ነገሯቸው። መንገድ ላይ አዛዡ ተቆጣና እንጨት አስለቅሞ እሳት አስነደደ፤ እንድትታዘዙኝ ታዛችሁ የለም ወይ ብሎም እሳቱ ውስጥ እንዲገቡ አዘዘ። ሰዎቹ አመነቱ። ከእሳት ለመሸሽ ብለን አይደል ወይ ነብዩን የተከተልነው ተባባሉ። በዚህ መሐል እሳቱ ጠፋ፣ የሰውየውም ቁጣ በረደ። ወሬው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ቢገቡ ኖሮ ከዚያ እንደማይወጡ፣ መታዘዝም በመልካም ነገር ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። አዛዡን የሾሙት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ልብ በሉ። ሹመቱ ላይ ጥያቄ አልነበረም፤ ሹመቱ ግን እሳት ውስጥ እስከ ማስገባት አይደርስም ነበር።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ላይ ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚ እንደማይሆን ይደነግጋል። ከሱ በታች መሰላል አለ፤ አዋጅ የሚያወጣው ፓርላማው ነው፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ መመሪያ ደግሞ በአዋጅ ወይም በደንብ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ያወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ መመሪያ እናት አለው። እናት የሌለው መመሪያ በኃላፊው ፊርማ የወጣ የኃላፊው ሐሳብ ነው።

በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ነገሩን የበለጠ አጥብቆታል። መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት፤ ከጸደቀ በኋላም ተመዝግቦ ቁጥር ያገኛል፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጣል። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ «አለ» የሚባል መመሪያ በዚህ አዋጅ ቦታ የለውም። አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን እንዲሁም የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች ነው። ክልል ላይ ያለ ሰው ይህን ቁጥር ጠቅሶ ብዙ ርቀት ላይሄድ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን የትም ይሠራል።

የአክሱምን ጉዳይ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በ2017 የትምህርት ዘመን በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ150 በላይ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መመዝገብ ተከለከሉ። የተጠቀሰባቸው የአለባበስ ደንብ ነበር። አንቀጽ 27 ግን ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው ይላል፤ ያም ቢሆን የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሞራል፣ የሌሎችን መብት ወይም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማስጠበቅ ሲያስፈልግ ነው። ትምህርት ቤት ዩኒፎርም መወሰን ይችላል፤ በዩኒፎርም ስም ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ግን አይችልም። ፍርድ ቤት በጥር ወር ክልከላው እንዲታገድ አዘዘ። እስከዚያ ድረስ የባከነውን የጥናት ጊዜ ግን የትኛውም ትዕዛዝ አይመልሰውም። መምህራን ሆነን ስለሠራን የፈተና ዓመት ላይ ያለ ተማሪ አንድ ሳምንት ሲያመልጠው ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ስለ እስርም ጥቂት እንበል። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት። ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። «አለቃችን እስኪመጣ» የሚባል ተጨማሪ ጊዜ ሕጉ አያውቅም። ከሕግ ውጭ ሰው የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ይጠየቃል፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሥልጣንን አላግባብ መገልገል ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተደንግጓል። ብዙ ሰው ሙስናን ጉቦ ብቻ አድርጎ ስለሚያስበው ይህ አንቀጽ ሳይጠቀስ ያልፋል።

ይህን ስንል የማንወደው መመሪያ ሁሉ ሕገወጥ ነው ማለታችን አይደለም። የሚያስመርር ግን በትክክል የወጣ መመሪያ አለ፤ እሱን ማስለወጥ ሌላ መንገድ አለው። በር ላይ ከቆመ ፖሊስ ጋር ግብግብ መግጠምም አይመከርም፤ እሱ ጉዳዩን ወደ ሌላ ክስ ያዞረዋል። በእርጋታ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አለ? የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው? ውሳኔውን በጽሑፍ ይሰጡኛል? ሥልጣኑን የሚያውቅ ኃላፊ በጥያቄው አይቆጣም። «በጽሑፍ አንሰጥም» ከተባላችሁ የተናገረውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ወዲያው መዝግቡ፤ አብሯችሁ የነበረም ካለ ስሙን ጨምሩ። ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ሆነ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ስትቀርቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው። ለሁለቱም አቤቱታ ለማቅረብ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም።