ድርቁ ካለፈ በኋላ እግር ላይ የሚቀረው

በደቡብ ወሎ፣ የጃማ ወረዳ ከተማ በሆነችው በደጎሎ ዙሪያ መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ በሬና ማረሻ ያስጨንቃል፤ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። እንዲህ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ተዘርተው በተረፈችው እርጥበት ብቻ ከሚያፈሩት ጥራጥሬዎች አንዱ ጓያ ነው። ደጋግሞ ማረስ አይጠይቅም፤ ማዳበሪያ አይሻም። ውሃ ቢተኛበትም፣ ዝናብ ቢጠፋበትም ይችላል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ምስሩ በቆመበት ሲደርቅ ጓያው ፍሬ ይይዛል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ጥንካሬው ነው፤ ጎተራው ሁሉ ሲራቆት ጓያ ብቻውን ይተርፋል።

ጓያን በየቀኑ፣ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል የወሎና የጎንደር ገበሬ ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። ማታ ደህና የተኛ ጎረምሳ ጠዋት ሲነሳ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። አንዳንዱን ደግሞ ከከባድ ሥራ መልስ ይጀምረዋል። እግሮቹ አይልፈሰፈሱም፤ ይገተራሉ። ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ጭኖቹ እየተጠላለፉ በጣቱ ይራመዳል። የፖሊዮ ሽባነት ጡንቻን ያላላል፣ ያቀጥናል፤ ይኼኛው ጡንቻን ያገትራል። የቆዳው ስሜት ደህና ነው፣ አእምሮውም ደህና ነው። ሐኪሞች የበሽታውን ክብደት የሚለኩበት መንገድ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ ያለ በትር የሚሄድ፣ በአንድ በትር የሚሄድ፣ በሁለት በትር የሚሄድ፣ የሚድህ። ከተያዘ በኋላ በአብዛኛው አይብስም፤ አይድንምም። በሕክምናው ዓለም ኒውሮላቲሪዝም ይባላል።

በሽታው የኛ ብቻ አይደለም። በሕንድና በባንግላዴሽ ብዙዎችን ሰብሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕኒያርካ በተባለ ካምፕ የታሰሩ አይሁዳውያን በጓያ ቀለብ ሽባ ሆነዋል፤ ያንን ለይቶ የመዘገበው አብሯቸው የታሰረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነበር። በኢትዮጵያ ግን ጥናቱን መሠረት ያስያዙት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ከቤት ወደ ቤት ዞረው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው ወደ 6 የሚሆነው የጓያ ሽባ መሆኑን አሳዩ። ለአንድ የነርቭ በሽታ ይህ ከባድ ቁጥር ነው፤ ያውም መከላከል ለሚቻል።

መርዙ በሕንድ ተመራማሪዎች እጅ የተለየው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። አጭር ስሙ ኦዳፕ ሲሆን ዘሩ ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ ነው። የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች ዋነኛው ግሉታሜት ነው። አንዱ ሴል ጥቂት ግሉታሜት ይለቃል፤ ሌላው ሴል በላዩ ባለው መቀበያ ይይዘውና ለቅጽበት ይነቃል፤ ከዚያ ግሉታሜቱ ተጠርጎ ይወሰዳል። ኦዳፕ በቅርጹ ግሉታሜትን ስለሚመስል እዚያው መቀበያ ላይ ይሰካል፤ በተመሳሳይ ቁልፍ በሩን ከፍቶ ሳይዘጋ እንደሚሄድ ሰው። በተከፈተው በር ካልሲየም ይጎርፋል፣ ሴሉ ከልክ በላይ ይነቃል፣ ኃይል የሚያመነጩት ክፍሎቹ ይታወካሉ፣ በመጨረሻ ይሞታል። በጣም የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው በኅብለ ሰረሰር እስከ ወገብ የሚወርዱት ረጃጅም የእንቅስቃሴ ነርቮች ናቸው። እጅ ተርፎ እግር የሚያዘውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ እግር የሚወርደው ክር ረጅሙ ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ ላንሴት በተባለው መጽሔት ካወጡ ወዲህ ጓያ በትልልቅ የነርቭ ምርምር ቤቶችም ስሙ ይነሳ ጀመር። የተለመደ አሚኖ አሲድ የሚመስል ነገር የእንቅስቃሴ ነርቭን መርጦ የሚገድል ከሆነ፣ ሌሎች የእንቅስቃሴ ነርቭ በሽታዎችስ በዚሁ መንገድ የሚመጡ ቢሆንስ? ኤኤልኤስ ለሚባለው ገዳይ በሽታ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሪሉዞል የግሉታሜትን ሥራ የሚገታ መድኃኒት ነው። የድሃ ገበሬ በሽታ ለሀብታም አገር ሕክምና ጥያቄ አዋጣ ማለት ነው። ወሮታው ወደ ገበሬው ሲመለስ እምብዛም አልታየም።

አንድ ነገር ግን በኦዳፕ ብቻ አልፈታ አለ። አንድ ቤት፣ አንድ ጎተራ፣ አንድ ምጣድ፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ሲሰበር ሌላው ለምን ይተርፋል? በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በወሎ ደጋ ከድርቅ ጋር የጓያ ሽባነት እንደ ወረርሽኝ ተነሳ። ይህን ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት በቲቢና በመድኃኒት መላመድ ላይ የሠሩት፣ ጥያቄውን ይዘው የሄዱት ወደ ጓዳ ነው። የተያዙትንና ያልተያዙትን ጎን ለጎን አድርገው ጓያውን እንዴት አድርጋችሁ በላችሁት ብለው ጠየቁ። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣው መልስ የወሎ እናት ጎንበስ ብላ የምትሠራውን ሥራ ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ነው። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እንጀራውና ወጡ ግን ከአደጋ ጋር አልተያያዙም። ወጡ ውስጥ እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለ ነገር ሲገባ፣ ጓያውም ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ሲደባለቅ አደጋው ይቀንሳል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት በኬሚስትሪ ይገባል። ጓያ ሜቲዮኒን የተባለው ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ሴሎቻችን ራሳቸውን ከጉዳት የሚከላከሉበትን ግሉታታዮን ለመሥራት ሰልፈር ይፈልጋሉ፤ እህሉ ይህን ያመጣል። ስለዚህ በሽታው የመርዙ ብቻ ሳይሆን የማዕዱ መራቆትም ነው። ኮንጎ ውስጥ በደንብ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ ብቻ የሚበሉ ሰዎችን የሚይዘው ኮንዞም ይህንኑ ይመስላል። መርዙ ሌላ፣ ተክሉ ሌላ፤ የእግሩ መገተርና የማዕዱ ድህነት ግን አንድ ናቸው።

በገጠር የሚነገረውም ችላ የሚባል አይደለም። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ይመታል፣ አበባ ባወጣ የጓያ ማሳ መሐል ማለፍ ይሰብራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሳይንሱ ይህን አይደግፍም፤ የሚጎዳው የተበላው ነው። እምነቱ ግን ባዶ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። የተራበ ሰው ሌላ ምርጫ የሌለውን ምግብ ጥፋተኛ ከሚያደርግ እንፋሎቱን ጥፋተኛ ቢያደርግ ይቀለዋል። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ከእንፋሎቱ የሸሸ ሰው ንፍሮውን ተረጋግቶ ይበላል።

መፍትሔው ከዘሩ ይጀምር ያሉትም አልቦዘኑም። ኦዳፑ ዝቅተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ ዝርያ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተለቋል። ሆኖም ጓያ የአየርና የአፈር ነገር ይለዋውጠዋል፤ ድርቅ ሲመታው ኦዳፑ ከፍ ይላል፣ ንብ ደግሞ ከጎረቤት ማሳ የአበባ ብናኝ አምጥታ ዝርያውን ትደባልቃለች። በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በኬንያ ያሉ ተመራማሪዎች ኦዳፕ በተክሉ ውስጥ የሚሠራበትን ሂደት ከዘረመሉ ጋር አያይዘው አሳትመዋል። የሚያመርተውን ዘረመል ካወቁት ማጥፋትም ይቻላል፤ ተክሉ ያለ ኦዳፕ ድርቁን እንደ ዱሮው ይችል እንደሆነ ማሳው ያሳያል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮ ገዝቶ የሚበላ ሰው ጓያ ተቀላቅሎበት ይሆን ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ርካሽ ስለሆነ ይቀላቅሉታል። ነገር ግን በየቀኑ እንጀራ፣ አትክልትና ሌላ ጥራጥሬ ለሚበላ ሰው በሽሮ ውስጥ ያለች ጥቂት ጓያ ሽባ አታደርግም። ዘሩን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ኦዳፑን ይቀንሳል፤ በውሃ የሚሟሟ ነውና። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ፣ ማገዶ የምትቆጥብ እናት በድርቅ ዓመት ይህን አድርጊ ስትባል ግን ምክሩ ለሌላ አገር የተጻፈ ይመስላል። ለተሰበረውም ቢሆን ፕሮፌሰር ረዳ የተሳተፉበት በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ቶልፐሪዞን የጡንቻውን መገተር እንደሚያላላ አሳይቷል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልስም።

የኃይለየሱስ ጥናት ርዕሱን የሰጠው ለእርዳታ እህል ነው። ድርቅ በተባለ ወቅት ስንዴው የሚጫነው ሰው በረሃብ ሊሞት ሲል ነው፤ ጓያ ብቻውን በጎተራ የቀረበትን ቤት ግን ሁለት ወር ቀድሞ ማግኘት ያስፈልገዋል። ከሲሶ በላይ እህል የተቀላቀለበት ጓያ ምግብ ነው። በወረዳው የምግብ እጥረት ሪፖርት ላይ «ስንት ቤት ጓያ ብቻ እየበላ ነው» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር ወጪው ወረቀት ነው።