ላዩ ደኅና፣ ውስጡ የተላቀቀ

የዛሬው ትምህርታችን ድርብርብ ነገር ሲመታ እንዴት እንደሚላቀቅ ነው።

ድርብርብ ነገር ምንድን ነው? በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለውን የጭቃ ቤት ተመልከቱ። ቋሚና ማገር አለው። በላዩ ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረጋል። ሲደርቅ ምርጊቱ ይደገማል። ጭዱ ጭቃውን አስሮ ይይዘዋል። ነገር ግን ጭዱ ከአንዱ ምርጊት ወደ ሌላው አይሻገርም። ሁለቱን የሚይዛቸው መጣበቃቸው ብቻ ነው። ድካሙ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ይህን መጽሐፍ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጎበጥ አድርጉት። ጠርዙን እዩ። ሉሆቹ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተቱ አይደል? ግድግዳም በሬ ሲገፋው ጎበጥ ይላል። ምርጊቶቹ ሊንሸራተቱ ይታገላሉ። መጣበቃቸው ካልቻለ ይላቀቃሉ። ከላይ ግን ምንም ላይታይ ይችላል።

አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ተረከበ። ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ድርብርብ ነገር ነው፤ አብዛኛውም በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ነው። በረዶ ቢመታው ላዩ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ፣ ውስጡ ሰፋ አድርጎ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው በኮምፒውተር ያሰላሉ። የእያንዳንዱን ንብርብር ጥንካሬ፣ በመካከል ያለውንም ሙጫ ጥንካሬ ለየብቻ በቁጥር ያስገባሉ። ምቱ የቱን ያህል እንደሚያላቅቅ ይገምታሉ። ከዚያም በእውነተኛ ቁራጭ ላይ ክብደት ጥለው ስሌቱን ያመሳክራሉ።

እኛስ ምን እናድርግ? ግድግዳውን በጣት አንጓ እናንኳኳ። ደኅናው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። የአውሮፕላን ጠጋኞችም ያንኳኳሉ፤ በድምፅ ሞገድ የሚመረምር መሣሪያም አላቸው።

በተላቀቀው ላይ ሌላ ጭቃ አትደርቡ። ክብደት ይጨምርበታል፤ ሥሩ በተኛ ሕፃን ላይም ሊወድቅ ይችላል። ልጆቹን አርቁ። የላላውን አውርዱ። የቀረውን ፊት ቧጭራችሁ ሻካራ አድርጉት። ውኃ እርከፍከፍ አድርጉበት። ከዚያ ምረጉ።

የዛሬዋ ቃላችን «ም-ር-ጊ-ት» ናት። አንብቧት፤ ጻፏት። ከዚያም ግድግዳችሁን አንኳኩና አዳምጡ። ደኅና ሰንብቱ።