ዋጋው የረከሰ የቴሌቪዥን ሣጥን ከመግዛት በፊት ሊመዘን የሚገባው ነገር

ቴሌቪዥን በአንቴና ወይም በሳተላይት ሰሐን የሚመጣለትን ብቻ የሚያሳይ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ኤችዲኤምአይ በሚባለው ቀዳዳው ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ወይም ስቲክ የሚሏትን መሣሪያ ቢሰኩበት፥ ሰው በፈቀደው ሰዓት የፈቀደውን ትርኢት ከኢንተርኔት እያመጣ ያሳየዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህችን ዕቃ ገዝተው፥ አረጋውያን ወላጆቻቸው የአማርኛ ዝግጅት በዩቲዩብ እንዲያዩ ያደርጋሉ። ዕቃዋ በየጊዜው ዋጋዋ እየረከሰ፥ ዐይነቷም እየበዛ ስለ ሄደ፥ የቤት አባትና የቤት እመቤት ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት የሚመዝኑበትን ሚዛን በዚህ ገጽ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ዋጋዋ እንደ ምን እንደ ረከሰ እንመልከት። ሮኩ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሣጥን ሲያወጣ ዋጋው 100 ዶላር ያህል ነበር። በ2005 ዓ.ም. ጎግል ክሮምካስት የተባለችውን በ35 ዶላር፥ በ2007 ዓ.ም. አማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክን በ39 ዶላር አወጡ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ዋልማርት የተባለው ታላቅ የንግድ ቤት ኦን በሚል ስም ያቀረበው ሣጥን ከ20 ዶላር በታች ተሸጠ። እንግዲህ በ15 ዓመት ውስጥ ዋጋው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ ማለት ነው።

ይህ ርካሽነት ግን ከቸርነት የመጣ አይደለም። ሮኩን ብንወስድ፥ ከሣጥኑ ሽያጭ ይልቅ ከማስታወቂያና ከወርኃዊ ክፍያዎች ድርሻ የሚያገኘው ገቢ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሣጥኑ በርካሽ የሚሸጠው ቤተ ሰቡ በየቀኑ በሚያየው ማስታወቂያ ቀሪው እንዲከፈል ነው። ይህን ዐውቆ የሚገዛ ሰው አልተታለለም፤ ሳያውቅ የሚገዛ ግን ዕቃውን በቅናሽ ያገኘ ይመስለዋል።

አሁን ከላይ የጠቀስነውን ባለ 20 ዶላር ሣጥን ለምሳሌ ወስደን እንመዝነው። ሣጥኑ 4ኬ የሚባለውን እጅግ ጥሩ ሥዕል ማሳየት ይችላል፤ የጎግል ፈቃድ ስላለው የታወቁት መተግበሪያዎች ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ይገቡበታል። ጉድለቱ ግን የመሥሪያ ማኅደሩ 2 ጊጋባይት፥ የማስቀመጫ ስፍራው 8 ጊጋባይት ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚህም ብዙውን የገዛ ራሱ ሥርዓት ይይዘዋል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት መተግበሪያ ለሚበቃው ቤት መልካም አገልጋይ ነው፤ ሁሉን ልጫን ለሚል ሰው ግን ፈጥኖ ይደክማል። ለኢንተርኔት ሽቦ የሚሆን ቀዳዳ ስለሌለው በዋይፋይ ብቻ ይሠራልና፥ ዋይፋዩ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ጠንክሮ መድረሱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው መመዘኛ የኢንተርኔቱ ወጪ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚያስታውቀው፥ ጥሩ ሥዕል በአንድ ሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፥ 4ኬ ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይጨርሳል። ያልተወሰነ ኢንተርኔት በወር ለሚከፍል ሰው ይህ አያሳስብም። በአገራችን በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ቤተ ሰብ ግን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፊልም 6 ጊጋባይት ሊበላበት ስለሚችል፥ ዋጋው ዕለት ዕለት ይከፈላል። ስለዚህ ለወላጆቹ ሣጥን የሚልክ ልጅ የኢንተርኔቱን ወጪ አብሮ ያላሰበ እንደ ሆነ፥ ስጦታው ደስታ ሳይሆን ሸክም ይሆንባቸዋል። የሥዕሉን ጥራት በመተግበሪያው ውስጥ ዝቅ ማድረግ ይቻላልና፥ ይህን ለወላጆች አስተካክሎ መስጠት ከስጦታው የማያንስ ቁም ነገር ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ የሠሪው ታማኝነት ነው። ይህች ዕቃ እንደ ወንበርና እንደ ሣጥን ገዝተው የሚያስቀምጧት አይደለችም፤ ሠሪው ሲጠብቃት ትሠራለች፥ ሲረሳት ትቆማለች። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ክሮምካስት በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ቀን በዓለም ሁሉ ሥራውን አቆመ፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው የዐሥር ዓመት ማረጋገጫ ጊዜው አልፎ ነበር። ጎግል በጥቂት ቀናት ውስጥ አስተካከለው። ሠሪው የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ግን ማን ያስተካክለው ነበር?

ከሁሉ ይልቅ ልናስጠነቅቅበት የምንወደው፥ የሠሪው ስም የማይታወቀውንና «ክፍያ የለበትም፥ የዓለም ሁሉ ቴሌቪዥን በነጻ ይታይበታል» እየተባለ የሚሸጠውን ሣጥን ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት የኢንተርኔት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባድቦክስ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ ሳይወጡ የተጫነባቸውን 30,000 ያህል ዕቃዎች ከአዛዦቻቸው ቈረጠ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሕዝቡን ስለዚሁ ነገር በይፋ አስጠነቀቀ። በሐምሌም ጎግል ከ10 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን በዚህ መንገድ ይዘዋል ባላቸው ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ።

ጉዳቱም የሥዕል መበላሸት አይደለም። ሌባው በሣጥኑ በኩል ወደ ቤቱ ኢንተርኔት ገብቶ የራሱን ወንጀል በባለቤቱ አድራሻ ይሠራል፤ ተበዳዩ ፈለጉን ሲከተል የሚደርሰው ወደማያውቀው ንጹሕ ሰው በር ነው። አባቶቻችን «በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» እንዳሉ፥ ለሌብነት የተሠራ ዕቃ የገዛውን ሰው አያገለግልም።

ምልክቱም እነሆ፤ የማይታወቅ የፋብሪካ ስም፤ የተከፈተ ነው፥ ሁሉ በነጻ ነው የሚል ማስታወቂያ፤ የጎግልን መከላከያ አጥፉ የሚል ትእዛዝ፤ መተግበሪያውን ከማይታወቅ ስፍራ አውርዱ የሚል ምክር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የተገኘበትን ሣጥን መግዛት አይገባም፤ በቤት ያለውም ቢሆን ከኢንተርኔቱ ሊነቀል ይገባዋል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ርካሽ መሆን ብቻውን ነውር አይደለም፤ ሠሪው የታወቀ፥ ፈቃድ ያለው፥ በየጊዜው የሚታደስ ሣጥን በ20 ዶላር ቢገኝ ለቤተ ሰብ የሚበቃ ዕቃ ነው። ሲገዙትም በታመነ ነጋዴ ቤት ይግዙ። ልጆች ላሉበት ቤት የልጆች መዝገብ ይክፈቱለት፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ ግዢ እንዳይፈጸም የምስጢር ቍጥር ያድርጉበት። ሁሉን በነጻ እሰጣለሁ የሚለውን ሣጥን ግን በስጦታ ቢያመጡልዎ እንኳ በቤትዎ አይሰኩት።