የእባቦች ንጉሥና የሣጥኑ ክዳን

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረት፥ ጠባያቸው አንድ የሆነ ሁለት ተንኮለኞች እየተጠባበቁ የሚኖሩ መሆናቸውን ለማስረዳት የተነገረ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ካብ ለካብ መተያየቱን ትቶ የገዛ ወገኑን እስከ ማደን የደረሰ አንድ የእባብ ዓይነት አለ። ሌላውን እባብ፥ መርዘኛውን ሳይቀር፥ ተጠምጥሞ አንቆ ስለሚውጠው የሀገሩ ሰዎች የእባቦች ንጉሥ ብለው ሰይመውታል። ሊቃውንት ደግሞ ከግሪክ ቋንቋ ወስደው ላምፕሮፔልቲስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የሚያበራ ጋሻ» ማለት ሲሆን፥ የቅርፊቱን ማንጸባረቅ ያመለክታል።

ይህ እባብ ለራሱ መርዝ የለውም። ዳሩ ግን ጅራቱን እያንቀጫቀጨ የሚያስፈራራው የአሜሪካ እባብ ቢነድፈው መርዙ እምብዛም አይጎዳውም፤ ደሙ መርዙን የመቋቋም ኃይል አለውና። ዴቪድ ፔኒንግና ብራድ ሙን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ የእባቦች ንጉሥ ሲያንቅ የሚያሳርፈው ግፊት እርሱ ከሚበላው የአይጥ እባብ ግፊት እጅግ የበለጠ መሆኑን ለክተው አሳይተዋል። የሚያስደንቀው ግን የጡንቻው መጠን ከዚያኛው የማይበልጥ መሆኑ ነው፤ ምሥጢሩ በአጠማጠሙ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም።

ይህም ሁሉ ሆኖ ለሰው ገር ነው። በተለይም ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆነው፥ ጥቁርና ነጭ ወይም ቡናማና ቢጫ ቀለበት ያለው የካሊፎርኒያው ዓይነት፥ በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ቤቶች እንደ ድመትና እንደ ወፍ ይኖራል። በመልካም ከተያዘ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። እንግዲህ አያያዙና እርባታው እንዴት እንደሆነ፥ ቸልታም ምን እንደሚያስከትል በመጠኑ እንመልከት።

እባብ ሙቀቱን ከአካባቢው የሚያገኝ ፍጡር ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በማያንስ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፥ አንዱ ወገን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀ፥ ሌላው ወገን ከ22 እስከ 24 ዲግሪ የቀዘቀዘ ሆኖ፥ እባቡ እንደ ፍላጎቱ እንዲመላለስ ይደረጋል። ማሞቂያው ሙቀት የሚቈጣጠር መሣሪያ ከሌለው እባቡን ያቃጥለዋል። በሁለቱም ወገን መሸሸጊያ፥ ዘወትርም የሚለወጥ ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል። ከሥሩ የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍለታል፤ ሽታው የሚበረታው የጥድ ፍቅፋቂ ግን ስለሚጎዳው አይሆንም።

ምግቡ አይጥ ነው። በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ሊያቈስለው ስለሚችል፥ ሞቶ በማቀዝቀዣ የቆየውን አቅልጦና ለብ አድርጎ መስጠት ይሻላል። ግልገሉ በየአምስት ወይም በየሰባት ቀን፥ የደረሰው በየአሥር ወይም በየአሥራ አራት ቀን አንድ ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ባያነሡት መልካም ነው፤ አለዚያ የዋጠውን ይመልሰዋል። ዓይኑ ሲደበዝዝ ቆዳውን ሊለውጥ መቃረቡ ስለሆነ ያን ጊዜም ይተዉታል። እባብ የነካ ሰው ደግሞ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እህል መቅመስ የለበትም፤ ሳልሞኔላ የተባለው የበሽታ ተሐዋሲ ጤነኛ በሚመስለው እባብ ላይም ይገኛልና።

ከሁሉ ይልቅ የማይረሳው ነገር፥ ሁለት የእባብ ነገሥታት በአንድ ሣጥን የማይኖሩ መሆናቸው ነው። ማታ ሁለት አድርጎ የዘጋ ሰው፥ ጧት ሲከፍት አንድ ሆዱ የተነፋ እባብ ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

ማርባት የፈለገ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በብርድ ወራት ነው። ይህ እባብ በትውልድ ስፍራው ቅዝቃዜውን ከመሬት በታች ተኝቶ ያሳልፋል። አርቢውም ይህንኑ በመከተል፥ ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ከልክሎ ሆዱ ባዶ ከሆነ በኋላ፥ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ በሚሆን ጨለማ ስፍራ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያቆየዋል፤ ውሃ ግን አይጎድልበትም። ሙቀቱ ከተመለሰላቸው በኋላ ተባዕቱና እንስቲቱ በየሣጥናቸው ደኅና አድርገው ይመገባሉ። እንስቲቱም ቆዳዋን ስትለውጥ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ይህም የሚሆነው አርቢው ቆሞ እየተመለከተ ነው። የራበው ሙሽራ ሙሽሪትን ይውጣታልና።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንስቲቱ እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ እንደ ዶሮ እንቁላል አይገለበጥም፤ እንደ ተጣለ ሳይዞር በጥንቃቄ ተነሥቶ፥ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ በሚሆን እርጥብ ስፍራ ይቀመጣል። ሁለት ወር ሲሆነው ጫጩቱ በአፉ ጫፍ ባለች ትንሽ ጥርስ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ሳምንት ወይም አሥር ቀን ቆይቶ የመጀመሪያውን ቆዳውን ሲለውጥ መብላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ የተለየ ቤት መኖር አለበት፤ አሥር ጫጩት ማለት አሥር ሣጥን፥ አሥር መክደኛ፥ የሃያ ዓመትም ኃላፊነት ማለት ነው።

አርቢዎችን ወደዚህ ድካም የሚስባቸው አንዱ ነገር የቀለሙ ልዩ ልዩነት ነው። ጥቁር ቀለም የማይሠራው፥ ዓይኑ ቀይ የሆነው አልቢኖ ከሌላው ጋር ቢዳቀል ልጆቹ መልካቸው እንደ ተራው እባብ ይሆናል፤ እነዚያ ልጆች እርስ በርሳቸው ቢዳቀሉ ግን በአማካይ ከአራት አንዱ ነጭ ሆኖ ይወለዳል። ይህም ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው ሕግ ነው። በዱር እንዲህ ያለ እባብ ጠላቶቹ ስለሚያዩት ብዙ አይገኝም፤ በሣጥን ውስጥ ግን ይወደዳል፥ በዋጋም ይሸጣል።

ይህ ነጭ እባብ አንድ ቀን ምስክር ሆኖ ተገኘ። ግራን ካናሪያ የተባለችው የስፔን ደሴት በአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ፊት ለፊት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። የራስዋ እባብ ኖሯት አያውቅም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ግን የካሊፎርኒያው እባብ በሜዳዋ ታየ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ተራብቶ ሥር መስደዱ ተረጋገጠ። ከተያዙት መካከል ብዙዎቹ አልቢኖዎች በመሆናቸው ከየት እንደመጡ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ከሰው ቤት አምልጠው ወይም ተለቀው የወጡ እባቦች ዘር ነበሩ።

የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነው ታላቅ እንሽላሊት ርዝመቱ እስከ 80 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ፍሬ እየበላ ዘሩን በየስፍራው ስለሚበትን ለዕፀዋቱም አገልጋይ ነው። እባብ አይቶ ስለማያውቅ ግን መሸሽን አልተማረም። በ2021 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ እባቡ በሰፈረባቸው ቦታዎች የዚህ እንሽላሊት ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። መንግሥት ሠራተኞችና ወጥመድ አሰማርቶ ብዙ ሺህ እባቦች ተይዘዋል፤ ነገር ግን እባቡ አብዛኛውን ዘመኑን ከመሬት በታች ስለሚኖር ሊያጠፉት አልቻሉም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥፋት የተጀመረው በክፉ ሰው አሳብ እንዳይመስለን። አንዱ ክዳኑን በቅጡ ሳይገጥም ተኝቶ ይሆናል፤ ሌላውም መመገቡ ሰልችቶት፥ መግደሉም አሳዝኖት፥ «ነጻ ላውጣው» ብሎ ወደ ሜዳ ለቆት ይሆናል። ርኅራኄ የመሰለው ሥራ ግን ለእንሽላሊቱ የሞት ፍርድ ሆነ።

ስለዚህ እንስሳ ለማሳደግ የሚያስብ ወጣት፥ እንስሳው እባብም ይሁን ሌላ፥ አስቀድሞ የሀገሩን ሕግ ይጠይቅ፤ ጥንዶቹን ከማገናኘቱ በፊት ለጫጩቶቹ የሚሆኑትን ቤቶች ይቍጠር፤ ማሳደግ ቢያቅተው ለሚያውቅ ሰው ያስረክብ እንጂ ወደ ዱር አይልቀቅ። መብራቱን ከማጥፋቱም በፊት እጁን ዘርግቶ ክዳኑን አንድ ጊዜ ይጫነው። የእባቦች ንጉሥ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋልና።